ካኑን ሲያስቸግር

በካርቱም ካኑን የሚባለው የከሰል ምድጃ አሠራሩ ቀላል ነው። ከላይ ከሰሉ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ አለ፤ የጎድጓዳው ወለል አየር የሚያሳልፍና አመድ የሚያወርድ ፍርግርግ ነው፤ ከፍርግርጉ በታች አመዱ የሚጠራቀምበት ሆድ አለ፤ ከሆዱ ጎን ደግሞ አየር የሚገባበት አፍ ተከፍቷል። አብዛኛው ከቆርቆሮ ወይም ከአሮጌ በርሜል ላሜራ ተቆርጦ የተሠራ ባለ አራት እግር ሳጥን ነው፤ አንዳንዱ ውስጡ በሸክላ የተለበጠ ነው። ሞተር የለውም፤ ጭስ ማውጫ የለውም፤ የሚዞር ዕቃም የለውም። ስለዚህ ሲያስቸግር ጥፋቱ ከብረቱ ይልቅ በከሰሉ፣ በአየሩ መንገድ ወይም በአመዱ ላይ ይገኛል። እነዚህን ሳይመረምር ምድጃ የሚቀይር ሰው አዲሱም እንደ አሮጌው ያስቸግረዋል።

ካኑን ለተወሰነ ጊዜ ከብዙ ቤት ዋና ማብሰያነት ወርዶ ነበር። ከከተማዋ በስተሰሜን 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የአል ጀይሊ ነዳጅ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ2000 ሥራ ሲጀምር የሲሊንደር ጋዝ በካርቱም ተስፋፋ፤ አቅም ያለው ቤተሰብም ወጡን በጋዝ እየሠራ ካኑኑን ለቡና፣ ለዕጣንና ጋዝ ለሚጠፋበት ቀን አስቀመጠው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲጀመር መብራቱም ጋዙም ተቋረጠ፤ ማጣሪያው ራሱ የውጊያ ቦታ ሆነ። በከተማዋ የቀረው ሰው ወደ ከሰልና ወደ እንጨት ተመለሰ። በጋዝ ምድጃ ያደገ ሰው ካኑን ፊት ሲቀመጥ ግን እሳቱ እንደ ልቡ አይታዘዝለትም። አንዴ አልያዝ ይላል፣ አንዴ ያጨሳል፣ አንዴ ውኃው ሳይፈላ ከሰሉ ያልቃል። ካኑንን ጠንቅቀው የሚያውቁት እንጀራቸውን ከእሱ ያገኙ ሰዎች ናቸው፤ ከነዚህም ዋነኞቹ በየመንገዱ ዳር ሻይና ቡና የሚያፈሉት ሴቶች ሲሆኑ፣ በመካከላቸው ብዙ ኢትዮጵያውያትና ኤርትራውያት ነበሩ።

እሳት አልታዘዝ የሚለው ግን በካኑን ላይ ብቻ አይደለም። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ቤት ለማሞቅ የሚያገለግለው የእንክብል ምድጃ የካኑን የሩቅ ዘመድ ነው። የሚያነደው ከእንጨት ፍቅፋቂ ተጠቅጥቆ የተሠራ፣ ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ እንክብል ነው። ማገዶውን በኤሌክትሪክ የሚዞር ጥምዝ ዘንግ ያቀርብለታል፤ አየር የሚያስገባለትና ጭስ የሚያስወጣለት ፋን ነው። እንዲህ የረቀቀ ማሽን ሆኖም ባለቤቶቹን የሚያማርሯቸው ችግሮች ለካኑን ተጠቃሚ እንግዳ አይደሉም፤ እንክብሉ እርጥበት ይጠጣል፣ ማንደጃው በአመድ ይደፈናል፣ አመዱ ቀልጦ እንደ ድንጋይ ይረጋል፣ የአየሩ መንገድ ይታፈናል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጭራሹን ይቆማል። ካኑን መብራት አይፈልግም፤ የማገዶ፣ የአየርና የአመድ ሕግ ግን ለሁለቱም አንድ ነው።

ምርመራው ከከሰሉ ይጀምራል። ወደ ካርቱም ከሰል በብዛት የሚመጣው ከደቡብ ምሥራቅ፣ ከብሉ ናይል፣ ከሰናርና ከገዳሪፍ ነው። በጣም የሚወደደው ጠልህ ከሚባለው የግራር ዓይነት የተከሰለው ነው፤ የሱዳን ሴቶች ዱኻን ለሚሉት፣ ከእኛ የወይባ ጢስ ጋር ለሚመሳሰለው መታጠኛቸውም የሚያጨሱት የዚህኑ ዛፍ እንጨት ነው። እንጨቱ ተከምሮ በሣርና በአፈር ይሸፈንና አየር እየተቆጠበለት ለቀናት ይከስላል። የክምሩ ሙቀት ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ጭስና ሬንጅ የሚሆነው ነገር ከእንጨቱ ተለይቶ ይወጣል፤ በአብዛኛው ካርቦን የሆነው ይቀራል። ከሳዩ ቸኩሎ ክምሩን ከከፈተ ወይም አንዳንዱ ጉማጅ ዳር ላይ ቀርቶ ሙቀቱ በደንብ ካላገኘው፣ ላዩ ጠቁሮ ውስጡ ጥሬ ይሆናል። ቤት ውስጥ ዓይን የሚያስለቅሰው ጭስ በአብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ጥሬ ከሰል ነው። በጫካ መውጣት የነበረበት ጭስ ሳሎን ውስጥ ይወጣል።

ጥሬውን ከብስሉ መለየት አያስቸግርም። በደንብ የከሰለ ሁለት ጉማጅ ሲጋጭ እንደ ብረት ይጮኻል፤ ሲሰበር ስብራቱ ጥቁርና የሚያብለጨልጭ ነው፤ ለትልቅነቱም ቀላል ነው። ጥሬው ሲጋጭ ድምፁ የታፈነ ነው፣ ከበድ ይላል፣ ሲሰበርም ውስጡ ቡናማ ሆኖ የእንጨቱ ጭረት ይታያል። እንዲህ ያለው ጉማጅ ሲገኝ መጣል የለበትም። ለብቻው ተለይቶ ውጭ፣ እሳቱ ገና በሚቀጣጠልበት ሰዓት ከሥር ቢገባ ጭሱን እዚያው ጨርሶ ፍም ይሆናል። ችግር የሚያመጣው ቡናው ተጥዶ ሳለ በነደደው ፍም ላይ ሲጨመር ነው።

ጆንያው ራሱ መታየት አለበት። አፉ ላይ የተደረደረው ትልልቅ ከሰል ስለ ሥሩ አይናገርም፤ ከሰል ከጫካ እስከ ችርቻሮ ሲጫንና ሲራገፍ እየተሰባበረ ድቃቂው ወደ ታች ይወርዳል። ድቃቂው ምድጃ ውስጥ ሲገባ በጉማጆቹ መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላና አየር ያግዳል። ከአፈር ክምር የወጣ ከሰል ደግሞ አሸዋና አፈር ይዞ ይመጣል፤ አፈር አይነድም፣ ፍርግርጉ ላይ ይቀራል እንጂ። ከሰሉን ምድጃ ላይ ከመገልበጥ በፊት በወንፊት ወይም በእጅ አንጓሎ ድቃቂውን ማስቀረት የብዙ ችግር መከላከያ ነው። የተጠራቀመው ድቃቂ ከጭቃ ወይም ከውኃ ከተነከረ ወረቀት ጋር ተለውሶ፣ በእጅ ተድቦልቡሎ፣ በፀሐይ ከደረቀ በኋላ ረጋ ላለ እሳት ያገለግላል። እሳቱ ደካማ ቢሆንም ረጅም ሰዓት ይቆያል፤ ባቄላ ለሚቀቅል ሰው ተስማሚ ነው።

በካርቱም ገበያ የሚገኝ ሌላው ከሰል የሜስኪት ነው። ይህ ዛፍ ወደ ሱዳን የገባው እ.ኤ.አ. በ1917 ሲሆን መጀመሪያ የተተከለው እዚያው ካርቱም፣ ሻምባት ውስጥ ነው። በአፋር ወያኔ ዛፍ እየተባለ የግጦሽ መሬቱን የወረረው ያው ዛፍ ነው፤ ከአፋርም ከሰሉ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። እንጨቱ ጠንካራ ነው፣ ሙቀቱም አይታማም። ብዙ ጊዜ የሚከስለው ግን ቀጫጭን ቅርንጫፉ ስለሆነ ጉማጆቹ ትንንሽ ናቸው፤ በአንድ ጊዜ ብዙ ሲጨመር ይጠጋጋና አየር ያጣል። ለእሱ የሚበጀው ሳሳ አድርጎ መጨመር፣ ቶሎ ቶሎም መጨመር ነው።

እርጥበት ሌላው የከሰል ጠላት ነው። በካርቱም ዝናብ የሚጥለው በአብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ መጠኑ ትንሽ ቢሆንም ሲጥል በአንድ ጊዜ ያጥለቀልቃል፤ መሬት ላይ በባዶው የተቀመጠ ጆንያም ከሥር ውኃ ይስባል። የረጠበ ከሰል አይቀጣጠልም፤ ከተቀጣጠለም ውስጡ ያለው ውኃ ወደ እንፋሎት እየተለወጠ ጉማጁን ይሰነጥቀዋል። የሚንጣጣውና ብልጭታ የሚረጨው ለዚህ ነው። ልጆች ባሉበት ቤት ይህ ብልጭታ ልብስም ያቃጥላል፣ ዓይንም ይጎዳል። ጆንያው በሁለት ጡብ ላይ በተዘረጋ ጣውላ ቢቀመጥና የረጠበው ከሰል ለአንድ ቀን ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ችግሩ ይወገዳል። የካርቱም ፀሐይ ለዚህ አትሰንፍም።

ከሰሉ ደህና ሆኖ እሳቱ አልያዝ ካለ ቀጥሎ የሚታየው አለኳኮሱ ነው። ከሰል እሳት የሚይዘው ሙቀቱ ከ300 ዲግሪ ሴልሺየስ ካለፈ በኋላ ነው፤ አንዴ ከያዘ ግን ከጎኑ ያለውን ጉማጅ ራሱ ያቀጣጥላል። ስለዚህ ዋናው ነገር በትንሽ ቦታ ላይ ትንሽ እሳት መያዝና እሱን አለመበተን ነው። ጀማሪ የሚሳሳተው ጎድጓዳውን እስከ አፉ ሞልቶ ከላይ ክብሪት ሲጭር፣ ወይም ገና አንድ ጉማጅ ሳይቀላ በማራገቢያ ሲያርገበግብ ነው። ማራገቢያ፣ ካርቱሞች ሀባባ የሚሉት ከዘንባባ ቅጠል የተሠራ ነገር፣ የያዘውን እሳት ያበረታል እንጂ ያልያዘውን አይለኩስም፤ ከቸኮለም ቀዝቃዛ አየር እየላከ ያጠፋዋል። ጥቂት ደረቅ ጭራሮ ወይም የካርቶን ቁራጭ በፍርግርጉ መካከል ይደረጋል፤ በላዩ ትንንሽ ከሰል ይከመራል፤ እሱ ሲቀላ ትልልቁ ይጨመራል።

ፌስታል በማቃጠል ከሰል መለኮስ በካርቱምም በአዲስ አበባም የተለመደ መጥፎ ልማድ ነው። የሚቀልጠው ፕላስቲክ መርዛማ ጭስ ከማውጣቱም ሌላ እየተንጠባጠበ የፍርግርጉን ቀዳዳ ይደፍናል። ላምባና ቤንዚንም እንዲሁ መቅረት አለባቸው፤ የጠፋ በመሰለ ፍም ላይ የተጨመረ ቤንዚን በጨመረው ሰው ፊት ላይ ይፈነዳል። ከእነዚህ ሁሉ የሚሻለው ታችና ላዩ የተከፈተ የቆርቆሮ ጣሳ ወይም የተጠቀለለ ላሜራ ነው። ገና በተያያዘው ከሰል ላይ ሲቆም የጋለው አየር በቱቦው ውስጥ ወደ ላይ ይወጣል፤ በእሱ ቦታ ከሥር፣ በምድጃው አፍ በኩል አዲስ አየር ይሳባል። ማንም ሳያራግብ እሳቱ ለራሱ ያራግባል። የምድጃው አፍ ወደ ነፋሱ ከዞረ ደግሞ የበለጠ ይፈጥናል።

ከሰሉ ጥሩ ሆኖ፣ እሳቱም በደንብ ተያይዞ ቆይቶ መካከል ላይ የሚዳከም ከሆነ ጥፋቱ ያለው ከታች ነው። ሰው ሁሉ እሳት ሲዳከምበት ዓይኑ የሚሄደው ወደ ላይ፣ ወደ ከሰሉ ነው፤ ከሰል ይጨምራል፣ ያራግባል። አየሩ ግን የሚገባው ከሥር ነው። የምድጃው ሆድ በአመድ ሞልቶ ፍርግርጉን ከነካ እሳቱ ምንም ያህል ከሰል ቢጨመርለት አይነሳም። ከላይ ሲራገብ ለጊዜው የሚቀላው ከሰል ፊቱ ብቻ ነው፤ ሥሩ እንደ ጠቆረ ይቀራል። በተጨማሪም አመዱ ሙቀት እንዳይወርድ ስለሚይዝ ፍርግርጉ ራሱ ከልክ በላይ ይግላል፤ የቆርቆሮ ፍርግርግ የሚጎብጠውና ቶሎ የሚበላው በዚህ ምክንያት ነው።

ምርመራው ጎንበስ ብሎ በምድጃው አፍ ወደ ውስጥ ማየት ነው። ፍርግርጉ ደህና ከሆነ በቀዳዳዎቹ በኩል የፍሙ ቅላት ይታያል፤ ጨለማ ከሆነ ተደፍኗል። መፍትሔው ከሰል መጨመር ሳይሆን ፍሙን በመቆስቆሻ ነካ ነካ አድርጎ አመዱን ማውረድ፣ ከዚያም ሆዱን መጥረግ ነው። ቀዳዳዎቹን ቀዝቅዞ ሳለ በሚስማር አንድ በአንድ መክፈት በሳምንት አንዴ ቢደረግ ይበቃል። በሚስማሩ ጫፍ ብርጭቆ የመሰለ፣ አረንጓዴ ወይም ግራጫ የሆነ ጠንካራ ነገር ተሰብሮ ከወጣ ይህ ከከሰሉ ጋር የመጣው አሸዋ ከአመዱ ጋር በሙቀት ቀልጦ የረጋ ነው። እንዲህ ያለው ድንጋይ ከተደጋገመ ከሰሉ አፈር የበዛበት ነውና ሻጭ መለወጥ ይሻላል።

አየር የሚታገደው ከላይም ሊሆን ይችላል። ሰፊ ድስት ጎድጓዳውን ሙሉ በሙሉ ከሸፈነና ድስቱ የሚያርፍባቸው ጉጦች ካጠሩ የጋለው አየር መውጫ ያጣል፤ መውጫ ያጣ አየር ደግሞ ከታች አዲሱን አይስብም። ድስቱ ሲነሳ እሳቱ ወዲያው የሚነቃ ከሆነ ምልክቱ ይህ ነው። በድስቱና በምድጃው ጠርዝ መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት እንዲኖር ሦስት እኩል ጠጠር ወይም የብረት ቁራጭ ማድረግ ይበቃል። ክፍተቱ ከዚያ ከበዛ ግን ሙቀቱ ድስቱን ሳይነካ በጎን ያልፋል። ለጀበና ችግሩ ሌላ ነው፤ ቂጡ ጠባብና ክብ ስለሆነ ባልተስተካከለ ፍም ላይ ያጋድላል፣ ሲገነፍልም ቡናው በጋለው ሸክላ ላይ ይፈሳል። የዚህ ጉዳት ወደ ኋላ ይነሳል።

ከሰል ይበላል የሚባለው ምድጃ በእርግጥ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው አፉ መዝጊያ የሌለው ወይም መዝጊያው ጠፍቶ የቀረ ነው። ውኃ ለማፍላት ብርቱ እሳት ያስፈልጋል፤ ከፈላ በኋላ ግን እንዲንተከተክ ለማድረግ የሚያስፈልገው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። አፉ እንደ ተከፈተ ከቀረ ግን ያው ብርቱ እሳት ይቀጥላል፤ ትርፉ በእንፋሎት ይወጣል። አፉ በአንድ የላሜራ ቁራጭ ሲፈላ ግማሹ፣ ወጡ ሊወርድ ሲል ሩቡ ብቻ ክፍት እንዲቀር ቢዘጋ ልዩነቱ ከጆንያው ይታያል። ሁለተኛው ምድጃው ራሱ ሙቀት የሚያፈስ ሲሆን ነው። ስስ ቆርቆሮ በአራቱም ጎን ይግላል፤ ማድቤቱን ያሞቃል፣ ድስቱን ግን አያሞቅም። በግንቦት ቀኑ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚግልባት ካርቱም ይህ ሙቀት የምታበስለዋን ሴት ያሰቃያል።

የሸክላ ልባስ የመጣው ይህን ለማስቀረት ነው። በኬንያ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የተስፋፋው ጅኮ፣ በሱዳንም በእነዚያው ዓመታት በታዳሽ ኃይል ፕሮጀክት የተሞከሩት የተሻሻሉ ካኑኖች፣ በኢትዮጵያም በማዕድንና ኢነርጂ ሚኒስቴር ሥር ተሠርቶ በአዲስ አበባ የተሰራጨው ላቀች ምድጃ ሐሳባቸው አንድ ነው፤ ፍሙን በሸክላ ከብቦ ሙቀቱን ወደ ላይ መመለስ። ላቀች ከተለመደው የቆርቆሮ ምድጃ ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል።

ሸክላው ግን የራሱ በሽታ አለው፤ መሰንጠቅ ነው። የፀጉር ያህል የቀጠነ ስንጥቅ አያሳስብም፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥ በሁሉም ሸክላ ላይ ይወጣል፣ ዙሪያውን ያለው ቆርቆሮም ይዞ ያቆየዋል። የሚያሳስበው ስንጥቁ ሰፍቶ ፍም ሲታይበት ወይም የሸክላው ፍርግርግ ተቆርሶ ወደ ሆዱ ሲወድቅ ነው። መንስኤዎቹ የታወቁ ናቸው። አዲስ ምድጃ በመጀመሪያው ቀን በብርቱ እሳት ከተፈተነ በሸክላው ውስጥ የቀረው እርጥበት መውጫ አጥቶ ይሰነጥቀዋል፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት እሳቶች ጥቂት ፍም ብቻ መሆን አለባቸው። የገነፈለ ቡና ወይም እሳት ለማጥፋት የተረጨ ውኃ በጋለ ሸክላ ላይ ሲያርፍ ደግሞ ያ ቦታ በድንገት ይኮማተራል፣ ከጎኑ ያለው ግን እንደ ጋለ ነው፤ ስንጥቁ በሁለቱ መካከል ይወጣል። ከሰል በላዩ መስበርም ያው ነው። ጠባብ ስንጥቅ ከተነፋ አመድና ከሸክላ አፈር በተለወሰ ጭቃ ይሞላል፤ ጭቃው በጥላ ቀስ ብሎ መድረቅ አለበት። በፀሐይ ከተጣደፈ ራሱም ይሰነጠቃል። ፍርግርጉ ከወደቀ ግን መጠገን ድካም ብቻ ነውና ሸክላው መለወጥ አለበት፤ የቆርቆሮው ቀፎ ለአዲሱ ያገለግላል።

ካኑን ብዙ ጊዜ የሚነድደው በግቢው፣ ከሣርና ከሰሌን በተሠራው ራኩባ ጥላ ሥር ነው። እዚያ ነፋሱ ዋና ጉዳይ ይሆናል። በክረምቱ መግቢያ የሚነሳው ሀቡብ የተባለው የአቧራ ማዕበል ሲመጣ ምግቡን ከመሸፈን ጋር እሳቱንም ማጥፋት ያስፈልጋል፤ የሚበር ፍም ደረቅ ሰሌን ላይ ካረፈ ራኩባው በደቂቃዎች ይነዳል። ለተራ ነፋስ ግን ምድጃውን በሦስት ጎን በቆርቆሮ መከለል በቂ ነው። ነፋስ በቀጥታ የሚመታው ምድጃ እሳቱ ቢያምርም ሙቀቱን ነፋሱ ይወስድበታል፤ ከሰሉም በከንቱ ያልቃል።

እስካሁን የተነሱት ችግሮች ሁሉ የሚታዩ፣ የሚሸቱ ወይም የሚሰሙ ናቸው። ትልቁ አደጋ ግን አይታይም፣ አይሸትም። ከሰል በቂ አየር አግኝቶ ሲነድ የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። የፍሙ ክምር ሲወፍር ግን ከሥር የተፈጠረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በላዩ ባለው የጋለ ከሰል ውስጥ ሲያልፍ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል። በፍሙ ላይ የሚጫወተው ሰማያዊ ነበልባል ይኸው ጋዝ ሲነድ ነው። ነበልባሉ በሌለበት ጊዜ ጋዙ ሳይነድ ወደ ክፍሉ ይወጣል። ካርቦን ሞኖክሳይድ በደም ውስጥ ኦክስጂን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጂኑ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል፤ ሰው እየተነፈሰ ሳለ አካሉ አየር ያጣል።

እዚህ ላይ ሥር የሰደደ የተሳሳተ እምነት አለ። ከሰሉ ውጭ ተቀጣጥሎ፣ ጭሱን ጨርሶ፣ ላዩ ነጭ አመድ ሲለብስ «አሁን ደህና ነው፣ ይግባ» ይባላል። ጨርሷል የተባለው ጭሱ ነው። ጋዙን የሚያወጣው ፍሙ ራሱ ስለሆነ ቀይ እስከሆነ ድረስ ያወጣዋል፤ በአመድ ተዳፍኖ ቀስ ብሎ ሲነድ ደግሞ አየር ስለሚያንሰው ጋዙ ይብሳል። ዕጣን ወይም ስኳር መነስነስ ሽታውን ይለውጥ እንደሆነ እንጂ ጋዙን አይቀንስም። በታኅሣሥና በጥር ካርቱም ሌሊቱ ቀዝቀዝ ይላል፣ ከሰሜን የሚነፍሰውም ነፋስ ቆዳ ያደርቃል፤ አዲስ አበባ ደግሞ በክረምትም በጥቅምትም ብርዱ አጥንት ይሰብራል። በሁለቱም ከተሞች ካኑን ወደ መኝታ ክፍል የሚገባው በዚህ ጊዜ ነው፤ በርና መስኮት የሚዘጋውም በዚሁ ጊዜ ነው። ፍም ባለበት ክፍል ውስጥ መተኛት፣ መስኮቱ ትንሽ ገርበብ ቢልም፣ መደረግ የሌለበት ነገር ነው። የተኛ ሰው ራስ ምታቱ አይቀሰቅሰውም።

ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳትና ነገር መደነጋገር ናቸው። ከጉንፋን ወይም ከወባ ጋር በቀላሉ ይምታታሉ። መለያው ግን በአንድ ክፍል የተቀመጡ ሰዎች በአንድ ጊዜ መታመማቸውና ውጭ ሲወጡ ቀለል ማለቱ ነው። እንዲህ ሲሆን ሰዎቹ ወዲያው ወደ ውጭ መውጣት አለባቸው፤ ምድጃው ከዚያ በኋላ ይታሰብበታል። ታማሚው ራሱን የሳተ፣ የተደነጋገረ፣ ነፍሰ ጡር ወይም ሕፃን ከሆነ ቢሻለውም ወደ ሕክምና መሄድ ይኖርበታል። በተራ አየር ሲተነፍስ በደሙ ያለው ጋዝ በግማሽ ለመቀነስ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይወስዳል፤ ሐኪም ቤት ንጹሕ ኦክስጂን ሲሰጠው ጊዜው ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይወርዳል። ወተት ማጠጣትና ሎሚ ማሽተት ይህን አይተኩም። ከዚህ ድንገተኛ አደጋ ሌላ የዕለት ተዕለቱ ጭስም ቀስ ብሎ ይገድላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ምክንያት የሞተውን ሰው በ3.2 ሚሊዮን ይገምታል።

የመጨረሻው የብልሽት ምንጭ አጠፋፉ ነው። ሦስተኛው ቡና ከወረደ በኋላ በካኑኑ ውስጥ ብዙ ፍም ይቀራል፤ ችኩል ሰው ውኃ ይደፋበታል። በአንድ ጊዜ ሸክላው ይሰነጠቃል፣ እንፋሎቱ እጅ ያቃጥላል፣ የቀረው ከሰልም ለነገ የማይቀጣጠል እርጥብ ይሆናል። ክዳኑ ጥብቅ የሆነ የወተት ዱቄት ጣሳ ለዚህ ተስማሚ ነው፤ ፍሙ በመቆንጠጫ እየተለቀመ ይገባና ይከደናል፣ አየር ሲያጣም በራሱ ይጠፋል። ጣሳው የሚቀመጠው ውጭ ነው፤ እስኪጠፋ ድረስ ጋዝ ያወጣልና። በማግስቱ ይህ ከሰል ከአዲሱ ይልቅ ቶሎ ስለሚይዝ ለመለኮሻ ይሆናል።

አመዱ የቀዘቀዘ ቢመስልም ውስጡ ፍም ለአንድ ቀንና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ በፌስታል ወይም በካርቶን ተይዞ ወደ ቆሻሻ ክምር መጣል የለበትም፤ በብረት ዕቃ ተቀምጦ በእጅ ሲነካ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ይደፋል። ካኑኑ ውስጥ ማሳደሩም ጥሩ አይደለም። አመድ ከአየሩ እርጥበት ይስባል፤ የረጠበ አመድ ቆርቆሮ ይበላል፤ ብዙ ካኑን ቂጡ ተበልቶ የሚጣለውም ከእሳቱ ብዛት ሳይሆን በሆዱ አመድ ይዞ ስለሚያድር ነው። ሆዱ በየቀኑ ከተጠረገና በዝናብ ወራት ካኑኑ ተገልብጦ ከተቀመጠ ቂጡ ቶሎ አይበላም።